የንጉሥ አጫዋች እውነት ተናግሮ እንዴት ያድር ነበር?

ጥያቄ፦ «ተውኔት እየጻፍኩ ነው፤ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ የንጉሥ አጫዋች ነው። እንደማውቀው አጫዋች ሌላው የማይደፍረውን እውነት ለንጉሡ የመናገር መብት በሕግ ተሰጥቶት ነበር፤ ቃጭል የተንጠለጠለበት ቆብ ያደርጋል፤ ከሹማምንቱም ከንጉሡም ይልቅ ብልህ ነው። በቻይና፣ በህንድና በአውሮፓ የነበሩት ሁሉ እንዲህ ነበሩ? ገጸ ባሕርዬ እውነተኛ እንዲሆን ከየትኛው ልነሣ?»

በሕግ የተሰጠ መብት አልነበረም። ይህ ካልተስተካከለ ተውኔቱ ከመነሻው ይጣመማል። አጫዋች የነበረው ፈቃድ ነው፤ ፈቃድ ደግሞ ሰጪው ባሰኘው ሰዓት የሚነሣው ነገር ነው። የሚጠቅሰው አንቀጽ፣ አቤት የሚልበት ችሎት አልነበረውም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚባለው ለእሱም ይሠራል።

እንደ መብት የሚጠቀሰው ጥንታዊ ቃል የቻይና ነው። በጂን ግዛት መስፍን ግቢ ያገለግል የነበረው ዮው ሺ «እኔ አጫዋች ነኝ፤ ንግግሬ በደል የለበትም» ማለቱ ተጽፏል። ብዙዎች ይህችን ብቻ ቆንጥረው ይወስዱና አጫዋች የእውነት ጠበቃ ነበር ይላሉ። ከፊትና ከኋላዋ ያለውን ያንብቡት። የመስፍኑ ተወዳጅ ሚስት ሊ ጂ አልጋ ወራሹን ሸንሸንግን አስወግዳ የራሷን ልጅ ልትተካ ታሴራለች፤ እንቅፋት ይሆንብኛል ብላ የምትፈራው ሊ ከ የሚባል ሹም ነው። ዮው ሺ አንድ በግ የታረደበት ግብዣ አስደርጎ፣ መጠጡ መሀል ተነሥቶ እየጨፈረ «ሌላው ሁሉ በለምለሙ ሲሰፍር፣ እሱ ብቻ በደረቁ ይሰፍራል» እያለ አዜመ። ነገሩ ሹሙን እንቅልፍ ነሣው፤ በሌሊት ዮው ሺን አስጠርቶ ፍቺውን ጠየቀና ዳር ቆሞ ለማየት ወሰነ። ሸንሸንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ656 ራሱን ገደለ። ያ ዝነኛ «በደል የለበትም» ያገለገለው ለዚህ ሴራ ነው።

ፈቃዱ ከአንድ ጌታ አጥርም አያልፍም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 የሉና የቺ ግዛቶች መሳፍንት ጂያጉ በተባለ ስፍራ ሲገናኙ የቺ አጫዋቾችና ድንኮች እየተጫወቱ ወደ መሳፍንቱ ቀረቡ። ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን እንደሚለው የሉን ወገን ሥርዓት ይመራ የነበረው ኮንፊሽየስ መሳፍንትን ያዋረደ ተራ ሰው ሞት ይገባዋል ብሎ አስቀጣቸው። የገዛ ጌታቸው እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ አላዳናቸውም።

ታዲያ ብዙዎቹ ተናግረው በሰላም ያደሩት ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ምንም ስላልነበራቸው ነው። አጫዋች ዙፋን አይወርስም፣ ጦር የለውም፣ ወገን አያሰልፍም። ሹም ሲቃወም ንጉሡ «ከጀርባው ማን አለ?» ብሎ ይጠረጥራል፤ አጫዋች ሲቃወም ከጀርባው ማንም የለም። ሁለተኛው ምክንያት ሳቁ ራሱ ነው። በሸንጎ ፊት ያወጣውን ትእዛዝ በክርክር ተረትቶ የሚያጥፍ ንጉሥ ይደፈራል፤ ስቆ ቢተወው ግን የተረታ የለም። አጫዋቹ ለንጉሡ የሚያቀርብለት ትልቁ አገልግሎት ይህ ሳይዋረዱ መመለሻ የሆነ በር ነው። ተውኔት ጸሐፊ ይህን በር መሥራት ካልቻለ አጫዋቹ መድረክ ላይ ተሳዳቢ ብቻ ይሆናል።

በሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከዮው ጃን የተሻለ መምህር የለም። በቺን ሥርወ መንግሥት ያገለገለ ድንክ አጫዋች ነው፤ ሲማ ቺየን ለአጫዋቾች ብቻ በለየው ምዕራፍ ታሪኩን ጽፎለታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ210 እስከ 207 የገዛው ሁለተኛው የቺን ንጉሠ ነገሥት የከተማውን ቅጥር በሙሉ በላከር ላስቀባው ብሎ ተነሣ። ላከር ከዛፍ የሚቀዳ፣ ሲደርቅ የሚያብረቀርቅና የሚጠነክር ውድ ቅብ ነው። ዮው ጃን አልተቃወመም። እንዲህ አለ፦ «መልካም! ጌታዬ ባያነሡት እንኳ እኔ ልለምን ነበር። ቅጥሩን መቀባት ለሕዝቡ ጭንቅና ወጪ ቢሆንም ግሩም ነው! ቅጥሩ ሙልጭ ይላል፤ ጠላት ቢመጣ መውጣት አይችልም። መቀባቱ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ማድረቂያ ቤቱን መሥራት ብቻ ነው።» ንጉሠ ነገሥቱ ሳቀና ተወው።

ነጥቡ ለዛሬ አንባቢ ያመልጣል፤ የቻይና ላከር እንደ ተራ ቀለም ፀሐይና ነፋስ ላይ አይደርቅም። ሞቅና እርጥብ ባለ፣ ጥላ በሆነ፣ አቧራ በማይገባበት ዝግ ክፍል ውስጥ ነው የሚጠነክረው። አንድ ሣህን የቀባ ባለሙያ ሣህኑን የሚያስቀምጥበት ሣጥን ወይም ክፍል ያስፈልገዋል። የከተማ ቅጥር የቀባ ደግሞ ከተማውን የሚውጥ ክፍል መሥራት አለበት። ዮው ጃን የተጠቀመበት የእጅ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀውን ዕውቀት ነው፤ ፍልስፍና አይደለም።

አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ይፍቱት። መጀመሪያ ከንጉሡ ጋር ይስማማል፤ እንዲያውም ይቀድመዋል። ቀጥሎ እውነተኛውን ተቃውሞ፣ ማለትም የሕዝቡን ጭንቅና ወጪ፣ በዓረፍተ ነገሩ መካከል «ቢሆንም» በምትል ቃል ሸፍኖ ያሳልፋል። ከዚያ የሐሳቡን ጥቅም አጋንኖ ያወድሳል። መጨረሻ ላይ አንዲት የሥራ ችግር አንሥቶ ዝም ይላል። «ስለዚህ ይቅርብን» አይልም። ያንን መደምደሚያ የሚደርስበት ንጉሡ ራሱ ነው፤ ራሱ የደረሰበትን ደግሞ ማንም አላዘዘውም። ጀማሪ ጸሐፊዎች የሚስቱት እዚህች ላይ ነው፤ አጫዋቹ ፍቺውን አብሮ እንዲናገር ያደርጉታል፣ በሩም ይዘጋል።

ይኸው ዘዴ በሌላ መልክ ቹ በተባለው የቻይና ግዛት ግቢ ይገኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ613 እስከ 591 የነገሠው ንጉሥ ጁዋንግ ሐር የሚያለብሰው ፈረስ ከውፍረት የተነሣ ሞተበት። በባለሥልጣን ማዕረግ ይቀበር፣ በፈረሱ ነገር የሚቃወመኝ ይሙት ብሎ ዐወጀ። አጫዋቹ ዮው መንግ ወደ አዳራሹ እየጮኸ እያለቀሰ ገባና፣ የባለሥልጣን ቀብር አነሰው፣ በንጉሥ ማዕረግ ይቀበር፤ ሬሳ ሣጥኑ ጄድ ከተባለው የከበረ ድንጋይ ይቀረጽ፣ ሽማግሌና ደካማው ሁሉ አፈር ይሸከም፤ መሳፍንቱ ይህን ሲሰሙ ጌታዬ ሰውን አቅልለው ፈረስን እንደሚያከብሩ ያውቃሉ አለ። ንጉሡ ደንግጦ ምን ላድርግ ሲል «እንደ ከብት ይቀበር፤ ምድጃው የውጭ ሣጥን፣ ድስቱ የውስጥ ሣጥን ይሁነው፤ ዝንጅብል ጨምረን በሰው ሆድ እንቅበረው» ብሎ ወደ ወጥ ቤት አስላከው። አዋጁ መቃወምን ከለከለ እንጂ ማጋነንን አልከለከለም።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ንጉሡን ትቶ ተበዳዩን መውቀስ። የኋለኛው ታንግ የተባለው የቻይና ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ሊ ጹንሹ አደን ሲወጣ የገበሬ ማሳ አስረገጠ፤ የወረዳው ሹም ፈረሱ ፊት ቆሞ ለሕዝቡ ተማጸነ፤ ንጉሡም ሊያስገድለው ነበር። ጂንግ ሺንሞ የሚባለው አጫዋች ሹሙን አስይዞ አመጣና ጮኸበት፦ ንጉሣችን አደን እንደሚወድ አታውቅም? ሕዝቡን እህል እያዘራህ ግብር የምታስገብረው ለምንድን ነው? ለምን አታስርበውና መሬቱን ባዶ አድርገህ ለፈረሳችን መጋለቢያ አትተውልንም? ሞት ይገባሃል! ሌሎቹ አጫዋቾችም ይፈረድበት እያሉ አስተጋቡ። ንጉሡ ሳቀ፤ ሹሙ ተለቀቀ።

በዚህ ንጉሥ ታሪክ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ አጫዋች ሁልጊዜ ለበጎ ነው የሚለውን እምነት የሚያፈርሰው እሱ ነውና። ከ923 እስከ 926 የገዛው ሊ ጹንሹ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ራሱ መድረክ ላይ ይጫወት ነበር፤ የመድረክ ስምም ነበረው። ተዋንያኑን ግቢው ውስጥ እንደልባቸው አስገባ፣ ወሬ አቀባይ አደረጋቸው፣ ለአንዳንዶቹም የግዛት ሹመት ሰጠ። አጫዋች ሥልጣን ካገኘ «ምንም የለውም» ያልነው መከላከያው ይጠፋል፤ ከጀርባው ወገን ይሰለፋል። በ926 በተነሣው ዐመፅ ቤተ መንግሥቱን ያጠቃው ጉዎ ጾንግቺየን ከተዋንያን ወገን የወጣ የዘብ አዛዥ ነበር፤ ንጉሡ በዚያ ውጊያ በቀስት ተመትቶ ሞተ።

ቀልድ ሲከሽፍስ? ጥሩው ምሳሌ እንግሊዝ ነው። አርቺባልድ አርምስትሮንግ፣ በተለምዶ አርቺ፣ የጄምስ 1ኛ ከዚያም የቻርልስ 1ኛ አጫዋች ነበር፤ ከ1611 ጀምሮ በቀን 2 ሽልንግ አበል ተቆርጦለታል፣ በ1623 ልዑል ቻርልስ ወደ ስፔን ሲሄድ አብሮ ተጉዟል። ጠላቱ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ዊልያም ሎድ ነበር። «ሎድ» በእንግሊዝኛ ምስጋና ማለትም ነው፤ ሰውየውም አጭር ነበር። አርቺ ማዕድ ሲባርክ «ታላቅ ምስጋና ለእግዚአብሔር፣ ትንሽ ሎድ ለዲያብሎስ» አለ ይባላል። ሰሙ የማዕድ ጸሎት፣ ወርቁ «አጭሩ ጳጳስ ለሰይጣን» ነው። ይህ አለፈ፤ ሰሙ ብቻውን ሊቆም ስለሚችል «ጸሎት ነው ያደረስኩት» ማለት ይቻላል። ሎድ በስኮትላንድ ላይ የጫነው የጸሎት መጽሐፍ ሁከት ሲያስነሣ ግን አርቺ በቀጥታ «አሁን ቂሉ ማነው?» አለው። ሰም የሌለው ወርቅ ሆነ። ጉዳዩ በንጉሡ ምክር ቤት ታየና በ1638 ኮቱ በራሱ ላይ ተገፍፎ ከግቢ ተባረረ። ልብ ይበሉ፦ ንጉሡን ሳይሆን ንጉሡ የሚፈልገውን ሰው ነው የነካው። አጫዋች አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በሦስተኛው ሰው ነው።

ቀጥተኛ መልስ የሚያልፍበት ጊዜም አለ፤ ንጉሡ ራሱ ከጠየቀ። የፖላንዱ ስታንቺክ አደን ላይ ከተለቀቀ ድብ በመሸሹ ሲግስሙንድ 1ኛ እንደ ቂል ሮጥክ ብሎ ቢዘልፈው «በሣጥን የተዘጋበትን ድብ በራስ ላይ መልቀቅ የባሰ ቂልነት ነው» ብሎ እንደመለሰ ይተረካል። ያንን በር የከፈተው ንጉሡ ነው።

አሁን ወደ ቆቡ። ቃጭልና የአህያ ጆሮ ያለው ቆብ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊት የተቀረጸበት በትር፣ ይህ ሁሉ የምዕራብ አውሮፓ ነው፤ እዚያም ቢሆን ከዕለት ልብስ ይልቅ የሥዕልና የበዓል ምልክት ነው። ሥዕሎቹ በብዛት የተረፉበት ምክንያት አለ። 52ኛው መዝሙር «ይብል አብድ በልቡ አልቦ እግዚአብሔር» (ቂል በልቡ እግዚአብሔር የለም ይላል) ብሎ ይጀምራል። በላቲኑ መዝሙረ ዳዊት ይህ መዝሙር የአንድ ክፍል መክፈቻ ስለነበር የመጀመሪያው ፊደል በትልቁ ይሣላል፤ ሠዓሊዎቹም ፊደሉ ውስጥ «አብዱን» ይሥሉ ነበር። ከዚያ የመጣው ሰውየ የሃይማኖት ተምሳሌት ነው እንጂ የግቢ ሠራተኛ ፎቶ አይደለም። በእንግሊዙ ንጉሥ በሄንሪ 8ኛ የግል መዝሙረ ዳዊት፣ በዚሁ መዝሙር ላይ፣ ንጉሡ በገና ሲደረድር አጫዋቹ ዊል ሶመርስ አጠገቡ ተሥሏል፤ ቃጭል የለም፣ የአህያ ጆሮ የለም። በ1535 የግቢ ሒሳብ ለእሱ የተሰፋው የሱፍ እጀ ጠባብ፣ ቀይ ዘርፍ ያለው አረንጓዴ ኮትና ቆብ ነው። ተመልካች እንዲለየው ከፈለጉ በቀለም ይለዩት፤ ቃጭሉን ይተዉት።

«ከሁሉም ብልህ ነበር» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። እንግሊዞች የተፈጥሮ ቂልና የሙያ ቂል ብለው ይለዩ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዛሬ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የምንለው የነበረባቸው ሰዎች ናቸው፤ ተንከባካቢ ይመደብላቸዋል፣ የሚሉት ሁሉ ያለ ተንኮል ነው ተብሎ ይወሰዳል። ሁለተኞቹ እንደ አርቺ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። በንግሥት ሜሪ ግቢ የነበረችው ጄን የራስ ፀጉሯ በየጊዜው እንዲላጭ ይከፈል ነበር፤ ብልሃቷን የሚመሰክር አንድም ቃል ግን አልተረፈም። ሴት አጫዋቾች በሌላም ግቢ ነበሩ፦ የፈረንሳዩ ሄንሪ 4ኛ በ1594 በቢላ ሲወጋ ማቱሪን የምትባለው አጫዋቹ በሩን ዘግታ ወጊው እንዳያመልጥ አድርጋለች።

በዚህ ሥራ ውስጥ ጭካኔ ብዙ ነው፤ ተውኔትዎ እንዳይሸፍነው አደራ። የሩሲያዋ እቴጌ አና ካቶሊክ ሆኗል ብላ ልዑል ሚኻይል ጎሊትሲንን አጫዋች አደረገችው፤ በ1740 ክረምትም የካልሚክ ተወላጅ ከሆነች የግቢ አገልጋይ ጋር አጋብታ፣ ከበረዶ በተሠራ ቤት፣ በበረዶ አልጋ ላይ አሳደረቻቸው። በሕይወት ወጡ። በእንግሊዝ ደግሞ ሮላንድ የተባለ የሄንሪ 2ኛ አጫዋች በሰፎክ 30 ኤከር መሬት የያዘው በየዓመቱ በገና በዓል በንጉሡ ፊት አንድ ዝላይ፣ አንድ ፉጨትና አንድ ፈስ ለማቅረብ ግዴታ ገብቶ ነው። መሬቱ ጥሩ ክፍያ ነው፤ በገና ሌሊት አሞት ቢያድርስ ብለው ያስቡ። ቬላስኬዝ የሣለውን የስፔኑን ድንክ ሴባስቲያን ደ ሞራን ይመልከቱ፦ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የጫማዎቹን ሶል ወደ እኛ አድርጎ፣ ቡጢ ጨብጦ ትክ ብሎ ያያል። ያንን ፊት የሚጫወት ተዋናይ ካገኙ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ህንድን ጠይቀዋል። ቢርባልን እንደ አጫዋች አይውሰዱት። ማሄሽ ዳስ ይባል የነበረው ይህ ሰው የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት የአክባር ባለሟል፣ ገጣሚና የጦር አዛዥ ነበር፤ በ1586 ከዩሱፍዛይ ጎሣዎች ጋር በተደረገ ውጊያ ሞተ። ብልጠቱን የሚያወሱት ተረቶች ከእሱ በኋላ የተሰበሰቡ ናቸው። በቱርክ ተረቶች ዝነኛ የሆነው ነስሩዲንም የግቢ ሰው አይደለም። በልማድ በ1284 ሞተ ይባላል፤ በተረቱ ግን ከድል አድራጊው ከቲሙር ጋር ይቀላለዳል፣ ቲሙር ደግሞ ኦቶማኖችን አንካራ ላይ ድል ያደረገው በ1402 ነው። ይህን የዘመን መፈተሻ በሁሉም ላይ ይጠቀሙበት። ከላይ ያመጣሁት የፈረሱ ታሪክ እንኳ አያመልጥም፦ በሲማ ቺየን ጽሑፍ ዮው መንግ የጃዎ፣ የሃንና የዌይ መልእክተኞች ቀብሩን ያጅቡ ይላል፤ እነዚህ ሦስት ግዛቶች ዕውቅና ያገኙት ንጉሥ ጁዋንግ ከሞተ 188 ዓመት በኋላ ነው። አሞሟትህን ምረጥ ሲባል «በእርጅና» አለ የሚባለው የፈረንሳዩ ትሪቡሌ ታሪክም በሌሎች አጫዋቾች ስም ይነገራል። ለተውኔት እነዚህን መጠቀም አይከለከልም፤ «እውነተኛ ታሪክ» ብሎ መለጠፍ ግን ስሕተት ነው።

ምክሬ ይህ ነው። ከየአገሩ ለቃቅመው አንድ አጫዋች አይፍጠሩ፤ አንድ ግቢና አንድ ንጉሥ ይምረጡ። ምርጫዬን ከጠየቁኝ ቺን ነው፤ ዮው ጃን ላይ ይገንቡ። ቀልዱን ከመጻፍዎ በፊት ሦስት ነገር ይወስኑ፦ ንጉሡ በምን እንደሚኮራ፣ አጫዋቹ ተሳስቶ ቢናገር ማን እንደሚከስሰው፣ ለዕለት እንጀራው ማን እንደሚከፍለው። በእያንዳንዱ ገቢር ከአንድ በላይ ትልቅ ቀልድ አይስጡት፤ ሁልጊዜ የሚያሸንፍ አጫዋች ፍርሃቱ ይጠፋል፣ ፍርሃቱ ሲጠፋ ተመልካቹም አብሮት አይጨነቅም። አንዱ ቀልዱ ይክሸፍበት።

መክፈቻውም ተጽፎልዎታል። የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት አዳራሽ ውስጥ ግብር አብልቷል፤ ውጭ ይዘንባል። ጋሻ ያነገቡት ዘቦች ደረጃው ላይ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። ድንኩ ዮው ጃን በአጠገባቸው ሲያልፍ «ማረፍ ትፈልጋላችሁ?» ይላቸዋል። «ዕድላችን ነበር» ይላሉ። «እንግዲያው ስጠራችሁ ቶሎ አቤት በሉ» ብሎ ይገባል። ጥቂት ቆይቶ፣ ለንጉሡ ዕድሜ ተመኝተው ሲጠጡ፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ ወደ ውጭ ይጮኻል፦ «እናንተ ዘቦች!» «አቤት!» «ቁመታችሁ ምን ጠቀማችሁ? ዝናብ ላይ ቆማችኋል። እኔ አጭሩ ግን እዚህ ዐርፌያለሁ!» ለንጉሠ ነገሥቱ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ፊቱንም ወደ እሱ አላዞረም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሰማ፤ ዘቦቹ እኩሌታ እኩሌታ እየሆኑ በፈረቃ እንዲቆሙ አዘዘ።